የደብራችን ሕንፃ፦ ይፍረስ ወይስ ይጠገን? (ጎንደር)

የማኅሌት ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ያቀረበውን ሐሳብ ብዙ ሰው አልሰማውም። ግማሹ ምእመን ውጭ የጽዱ ዛፍ ሥር ነው የሚቆመው። ድምፅ ማጉያው ደግሞ እዚያ ድረስ ጥርት ብሎ አይሰማም። ችግራችንም ራሱ ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ጠቦናል። በወር በዓሉ ቀን ቅኔ ማኅሌቱ በካህናትና በመዘምራን ይሞላል፤ እናቶች ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዘው ዝናብ ላይ ያስቀድሳሉ። ጣሪያው ያፈሳል። የሰሜኑ ግድግዳ ልስን አብጧል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሁለት አማራጭ ይዞ መጥቷል። አንደኛው ክቡን ሕንፃ አፍርሶ በቦታው ትልቅ ባለ ጉልላት ሕንፃ በኮንክሪት መሥራት ነው። ሁለተኛው ያለውን መጠገንና በሰሜን በኩል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ምእመኑን የሚያስጠልል አዳራሽ መጨመር ነው።

እኔ የምደግፈው ሁለተኛውን ነው። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ከአርባ አራቱ ታቦት አብዛኞቹን ሲያቃጥል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። የእኛው ግን ነደደ። አሁን የምንሳለመው አያቶቻችን ክፉ ቀን ከሚባለው የረኀብ ዘመን በኋላ፣ ከብቱም ሰዉም ካለቀ ወዲያ፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው መልሰው ያቆሙት ነው። እሳት በልቶት የተነሣን ቤት እኛ በሰላም ጊዜ በዶማ ልንጥለው አይገባም።

ሐሳባችሁን ጻፉ። እያንዳንዷን አንብቤ ለኮሚቴው አደርሳለሁ።

የማራኪ ልጅ

ወንድሜ፣ ለአያቶቻችን ያለህን ክብር እኔም እጋራዋለሁ። ነገር ግን አያቶቻችንም የተቃጠለውን ባለበት አልጠበቁትም፤ ለዘመናቸው ሕዝብ የሚበቃ አድርገው ሠሩት። ያኔ የነበረው ሕዝብና የዛሬው አይገናኝም። ከተማው እስከ አዘዞ ተያይዟል። በየሰፈሩ አዲስ ቤት ይሠራል፤ ሕፃናቱም ብዙ ናቸው።

ጥገና ማለቂያ የለውም። ዘንድሮ ጣሪያ፣ ከርሞ ግድግዳ፣ ከዚያ ምሰሶ እያልን ገንዘቡ ተንጠባጥቦ ያልቃል። በፌሮና በሲሚንቶ የተሠራ ሕንፃ ግን ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በየቦታው አለ። በኖራ የሚሠራ ግንበኛ ከየት ይመጣል? እኔ የምሟገተው ለድንጋይ ብዬ አይደለም። ባለፈው ነሐሴ አራስ ልጇን በነጠላ ሸፍና ከአጥር ሥር የቆመችውን እህት አይቼ ነው። እሷ ውስጥ መግባት አለባት።

ኖራና ድንጋይ

ሰላም ለሁላችሁ። ግንበኛ ነኝ። የጥንት ሕንፃ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ቄሰ ገበዙን አስፈቅጄ ሕንፃውን ዞሬ አይቼዋለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ፍርዱ የእናንተ ነው።

የሰሜኑን ግድግዳ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ከወገቤ በላይ ድንጋዩ ደንደን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከጉልበቴ በታች ግን ባዶ ነው የሚመስለው፤ ልስኑ ከድንጋዩ ተላቆ ቆሟል። አንዱን ቅራፊ ሳነሣው ከጀርባው አፈሩ እርጥብ ነው። ዝናብ ከቆመ ስንት ጊዜው! ምክንያቱን ለማየት ዞር ማለት ብቻ በቂ ነበር። ጣሪያው አሸንዳ የለውም። ውሃው ከቆርቆሮው ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ግድግዳው ሥር ይመታል፣ ይረጫል። በዚያ ላይ የዛሬ ጥቂት ዓመት ለጽዳት ተብሎ ዙሪያውን ሊሾ ተደርጓል። ሊሾው ወደ ውጭ መዝቀዝ ሲገባው ወደ ግድግዳው ነው ያዘነበለው። ውሃው እዚያው ይቋጥራል፤ መሠረቱም ይጠጣዋል።

የድሮው ግንብ በጭቃና በኖራ የተያያዘ ነው። ኖራ ይተነፍሳል። እርጥበት ቢገባበትም በበጋ ፀሐይ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲሚንቶ ስትለስንበት ግን መውጫውን ትዘጋበታለህ። እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ድንጋዩንና ጭቃውን ያላላል፤ ሲሚንቶው ግን ውጭውን ደህና አስመስሎ ይቆማል። ከዚያ አንድ ቀን እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ይህ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የታየ ነገር ነው። በጣሊያን ጊዜ የነገሥታቱን ግቢ በሲሚንቶና በብረት ጠገኑት። ኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን ማረም ነበረባቸው፤ ወደ ኖራው ተመለሱ።

የማራኪ ልጅ፣ «ባለሙያ ከየት ይመጣል» ላልከው፣ ጎንደር ውስጥ አለ። የፋሲል ግቢን ጥገና የሠሩ ግንበኞች ልጆቻችን ናቸው። ኖራው ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተብላልቶ ሰንብቶ መዋል አለበት፤ ያልበሰለ ኖራ ከተለሰነ በኋላ ይፈነዳል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የተሰወረ ጥበብ አይደለም። ክረምት ላይ ግን አይነካም። ከመስቀል በኋላ ተጀምሮ ከግንቦት በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ኖራው ሳይጠነክር ዝናብ ካገኘው ያጥበዋልና።

ሕንፃው አላረጀም። ውሃው ነው የጎዳው። ነገ ጠዋት አሸንዳ ቢሰቀልና ሊሾው ቢነሣ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

የዜማ ቤት ዲያቆን

እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ። እኔ ከውስጥ ያለውን ልጨምር። ቅድስቱ ውስጥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። በምዕራብ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ፣ ጨርቁ ከግድግዳው ተላቆ ወደ ፊት ታጥፏል። ከላይ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ አንገት ድረስ ቡናማ የውሃ መስመር ወርዷል። በጧፍ ጥላሸት የጠቆረም አለ። ጥላሸቱ የዘመን ነው፤ የውሃው መስመር ግን አምና አልነበረም።

አንዳንድ ሰው «በዘይት ቀለም እናድሰው፣ በሳሙና እንጠበው» ሲል ሰምቻለሁ። በጌታ ስም እንዳታስነኩት። እንዲህ ያለው ቀለም ውሃ ሲነካው አብሮ ይታጠባል። በላዩ ላይ የዘይት ቀለም የተቀባ ሥዕል ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማንም አያድነውም።

ሌላው፣ ሕንፃው ይፍረስ ከተባለ መቃኞ፣ ማለት ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን፣ መሠራት አለበት። ታቦቱ ወጥቶ መቃኞ ይገባል፤ ቅዳሴው እዚያ ይሆናል። መቃኞ ከዚህኛው ያነሰ እንጂ የሰፋ አይሆንም። ብረትና ሲሚንቶ መንገድ ሲዘጋ ይዘገያል፤ ዋጋውም ከእጅ ያመልጣል። ጅምር ሕንፃ አጠገብ ለዓመታት በመቃኞ የሚቀድሱ አጥቢያዎችን ሁላችንም እናውቃለን። እና እናቶች ዝናብ ላይ የሚቆሙበት ጊዜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

እናት ነኝ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ እኛ ስለ እናቶች ታወራላችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን እኛን የጠየቀን የለም።

አዳራሹ በሰሜን በኩል ይሠራ ትላላችሁ። ሰሜኑ የወንዶች ነው። እኛ በደቡብ በር ነው የምንገባው፣ በደቡብ በኩል ነው የምንቆመው። ዝናብ የሚመታው እኛን ሆኖ ሳለ መጠለያው ከወዲያ ማዶ ሊሠራ ነው? ለቁርባን ልጅ አዝለን ሕንፃውን በጭቃ ልንዞር ነው?

ሁለተኛ፣ አዳራሹ ግድግዳ ያለው ቤት ከሆነ ቅዳሴው አይታየንም። ግድግዳ አፍጥጠን በድምፅ ማጉያ የምንሰማ ከሆነ እቤታችን በሬዲዮ ብንሰማ ምን ለየው? ጣሪያ ብቻ ይበቃናል። ቋሚና ጣሪያ፣ ከሥሩ ደረቅ መሬት። ዓይናችን በሩን ይየው።

ሦስተኛውን ነገር ሰው ለማንሣት ያፍራል፤ እኔ ላንሣው። መጸዳጃ ቤት። በንግሥ ቀን ከሌሊቱ ጀምረን እስከ ረፋድ እንቆማለን። ስኳር ያለባት፣ ነፍሰ ጡር፣ አሮጊት የት ትሂድ? አንዳንዷ ይህን ፈርታ መምጣት ትታለች። ከአጸዱ ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ውሃ ያለው ንጹሕ መጸዳጃ ይሠራ። ከጉልላቱ በፊት ይሄ ይቅደም።

የማራኪ ልጅ

እትዬ፣ የሰሜንና የደቡቡን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ጣሪያ ብቻ ያሉት ሐሳብ ደግሞ በአንድ በጋ ያልቃል። ሰው ቶሎ የሚጠለል ከሆነ የመፍረሱን ነገር አላከርርም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላስ? ይህ ሕዝብ እጥፍ ሲሆን እንደገና ልንጣላ ነው?

ኖራና ድንጋይ

ያኔ ሌላ አጥቢያ ይተከላል። ጎንደር አርባ አራት ታቦት የኖራት ለዚህ ነው እኮ! አንዱን እየለጠጡ አላሰፉም፤ ሰፈሩ ሲሰፋ ሌላ ተከሉ።

እትዬ ያሉት በሙያም ትክክል ነው። ክብ ሕንፃ ላይ አዳራሽ ብትለጥፍበት መጋጠሚያው ላይ ውሃ ይገባል፤ አዲሱና አሮጌው በየራሳቸው መሬት ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ። መጠለያው ከሕንፃው ራቅ ብሎ፣ በራሱ ቋሚ፣ ዝናቡን ወደ ራሱ አሸንዳ የሚወስድ መሆን አለበት። ከደቡብ ጀምሮ ወደ ምዕራቡ በር የሚታጠፍ ቢሆን ዓይንም ጆሮም ይደርሳል። ቋሚዎቹ ቀጭን ብረት ይሁኑ። ነገ ካልፈለጋችሁት ፈታችሁ የምታነሡት፣ አሮጌውን ያልነካ።

ከባሕር ማዶ

ከውጭ የምጽፍ የደብሩ ልጅ ነኝ። እዚህ ያለነው ልጆች ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። ግልጹን ልናገር፤ ብዙዎቻችን የተነቃቃነው የትልቁን ሕንፃ ሥዕል በስልክ ስናይ ነው። ጉልላት የሚያበራበት ሥዕል ነበር። «አሸንዳ ልንሰቅል ነው» ብትሉ ሰው እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም ብዬ እሰጋለሁ።

እኔ ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ ተቀይሯል። ሥዕሉ ላይ የወረደውን የውሃ መስመር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። ሰው እሱን ሲያይ ይሰጣል። እኔ የተጠመቅሁት እዚያ ነው፤ ልጆቼንም ላሳያቸው የምፈልገው እናቴ የተሳለመችውን በር ነው።

ሁለት ነገር ግን እንለምናለን። ገንዘቡ በደብሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይግባ፤ በግለሰብ ስም አንልክም። የወጣውም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ፎቶው ይላክልን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሆነ በባንክ መላክ አያስከፋም። በዘመድ በኩል፣ በሻንጣ የሚላክ ገንዘብ ይቁም። ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ በዚያ መንገድ የላክነው ገንዘብ የት እንደደረሰ ሳናውቅ ቀርቷል፤ ቂሙ እስካሁን አለ።

የአራዳው ሽማግሌ

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳን እያለ አውቀዋለሁ። ሣሩ ወፍራም ነበር፤ ክፈፉም ሰፊ። ውሃው ከግድግዳው ርቆ ነበር የሚወድቅ። ቆርቆሮ ሲመጣ ሁላችን እልል አልን፤ ግን ክፈፉን አሳጠሩት። ግንበኛው ልጅ ያለው እውነት ነው። ክዳኑ እንደገና ሲሠራ ክፈፉን አስረዝሙት።

መቃብሩን አትርሱ። በደቡብና በምዕራብ በኩል አባቶቻችን ተቀብረዋል። ድንጋይ ያልቆመባቸውም አሉ፤ የት የት እንደሆነ የምናውቅ ሽማግሌዎች ጥቂት ቀርተናል። አንድ ቋሚ ከመተከሉ በፊት ጠሩን፤ በከዘራዬ እያመለከትሁ አሳያችኋለሁ። አጥንት ከተነካ በጸሎትና በቤተሰቡ ፈቃድ ይሁን።

ጽዱንም እንዳትቆርጡት። እኔ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ትልቅ ነበር። ጣሪያውን አጥፋችሁ በጎኑ አሳልፉት።

የማኅሌት ልጅ

አባታችን ዕድሜ ይስጥልን። ይህን ለብቻው ጽፌ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ።

የፈቃድ ነገር

አንድ ያልተነሣ ጉዳይ አለ። ሕንፃውን ለማፍረስም ሆነ ለመጠገን ሰበካ ጉባኤው ብቻውን ወስኖ አይነሣም። የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ አለ። የከተማው የግንባታ ፈቃድ አለ። ከዚህ በተጨማሪ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ሥዕሎቹ ብቻ እንኳ ቅርስ ናቸው። ከከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሰው መጥቶ እንዲያይ አሁኑኑ በደብዳቤ ጠይቁ። በዓለም ቅርስነት ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገቡት እነ ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናቸው፤ የእኛው እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ስላልተመዘገበ ግን እንደፈለግን እናድርገው ማለት አይደለም።

ደብዳቤ ጊዜ ይወስዳል። እስከ መስቀል እንዲደርስ ከተፈለገ አሁን ይጻፍ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ

እኛም እንናገር? በቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ደንብ በቃለ ዓዋዲው መሠረት ሰበካ ጉባኤው ውስጥ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወኪል አለ፤ ኮሚቴው ውስጥ ግን ማንም ከእኛ የለም። ቅዳሜና እሑድ ሕፃናቱን የምናስተምረው ዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። የአብነት ተማሪዎቹ ደግሞ የሚያድሩበት ጎጆ ጣሪያው ቀዳዳ ነው። መጠለያው ከተሠራ ከቅዳሴ ውጭ ባለው ሰዓት ለትምህርት ይፈቀድልን።

የኤሌክትሪክ ገመዱንም እዩት። ከማጉያው እስከ ቅኔ ማኅሌቱ በሚስማር ተንጠልጥሎ፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በደረቅ እንጨትና በመጋረጃ መሀል ነው የሚያልፈው። በየበዓሉ ደግሞ ሌላ ገመድ ይቀጠልበታል። ይሄ አሸንዳውንም አይጠብቅም፤ ነገ ይሠራ።

ከአጥሩ ዳር

ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ሱቅ ሠርቶ ማከራየቱስ? የካህናቱን ደመወዝና የተማሪዎቹን ቀለብ ይችላል። በየበዓሉ ጃንጥላ ተዘርግቶ የሚገኘው እኮ ለጧፍና ለዕጣን እንጂ ለሌላው አይተርፍም።

የዜማ ቤት ዲያቆን

ሱቁን አልቃወምም። ነገር ግን ምን እንደሚሸጥበት ውሉ ላይ ይጻፍ። ከመቅደሱ ጀርባ ሙዚቃ የሚያስጮህ ሱቅ ካለ ሰዓታቱም ማኅሌቱም ይታወካል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቤተልሔሙ አለ፤ ወደዚያ በኩል ምንም አይጠጋ።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ

ሁሉንም አንብበናል። ትናንት ማታ ከአስተዳዳሪው አባታችን ጋር ተቀምጠን የተነጋገርነው ይህ ነው። የማፍረሱ ሐሳብ ለጊዜው ተነሥቷል። የኤሌክትሪክ ገመዱን የሚያየው ባለሙያ ረቡዕ ይመጣል። ለሀገረ ስብከቱና ለባህልና ቱሪዝም መምሪያው ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም እየጠበቀ ነው። የባንክ ሒሳቡ በደብሩ ስም፣ በሦስት ፊርማ ይሆናል፤ አንዱ ፈራሚ ከእናቶች ወገን ይሁን ብለናል። ከሰንበት ትምህርት ቤቱም አንድ ሰው ወደ ኮሚቴው ይግባ። የሱቁ ጉዳይ ገና አልተወሰነም።

መጠለያው ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲዞር ተስማምተናል። ያልተፈታው የመቃብሩ ነገር ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ግንበኛው ወንድማችን ሜትሩን ይዞ ይመጣል። በዚያ በኩል ወላጅ የተቀበረላችሁ ሁሉ ተገኙ። ጋሼ ከአራዳ፣ መኪና እንልክልዎታለን።

እናት ነኝ

መጸዳጃ ቤቱስ ልጄ?

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ

እትዬ፣ ቅዳሜ አብረው ይምጡና ቦታውን እርስዎ ያሳዩን። ግንበኛው ከመጠለያው ጋር አብሮ ይለካዋል።